ለአባ ፎዚያ የሞላሁት ቅጽ

ይህን ነገር ለባሌ አልነገርኩትም። እናቴ በመጨረሻ ሕመሟ እጄን ይዛ «ሆድሽ ውስጥ አንድ ነገር አለ» ስትለኝ እንኳ «ጨጓራዬ ነው» ብዬ ዋሽቻታለሁ። ለአንተ የምነግርህ ደግ ፊት አይቼብህ አይደለም፤ ፊትህን ስለማላየው ነው። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር ልንገርህ፦ እንዳታጽናናኝ። «ልጅ ነበርሽ»፣ «ሥራ በዝቶብሽ ነው»፣ «ቀኗ ደርሶ ነው» የሚሉ ሰዎችን አልወድም። አድርጌዋለሁ። አውቄ ነው ያደረግሁት።

ከሚሴ ተወልጄ ከሚሴ ነው ያደግሁት። ነርስ ሆኜ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የስኳር ሕመምተኞች አማካሪ አድርገው መደቡኝ። ያን ጊዜ በእኛ በኩል አማካሪ የሚባል ሥራ አዲስ ነበር። አንድ ፕሮጀክት መጣና ደሴ ወስዶ ለጥቂት ቀን አሠለጠነን፤ ስንመለስም አንድ ቅጽ አስታቀፈን። ርእሱ «የጠባይና የዝግጁነት መመዘኛ» ይላል። ሃያ ጥያቄ አለው። ጠንቃቃ ነህ ወይ? የጀመርከውን ትጨርሳለህ? ቢደክምህም ግዴታህን ትወጣለህ? ስትናደድ ራስህን ትገዛለህ? መልሱ «ሁልጊዜ»፣ «እርግጠኛ አይደለም»፣ «በጭራሽ» ነው። ነጥቡ ይደመርና ሰውየው ዝግጁ ነው ወይም አይደለም ይባላል። ዝግጁ የተባለ የወር ኢንሱሊኑን ከነመርፌው ተቀብሎ ቤቱ ይገባል። ዝግጁ ያልተባለ ግን በየቀኑ እኛ ዘንድ እየመጣ ይወጋል፤ ወሩ ሲሞላ እንደገና ይመዘናል።

ቅጹን አልረግምልህም። ብዙ ሰው ሲረግመው ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ያ መብት የለኝም። ያሠለጠነን ሰውዬ «ይህ ማን ምን ዓይነት እገዛ እንደሚያስፈልገው ማወቂያ ነው፤ መቅጫ እንዳታደርጉት» ብሎ ደጋግሞ ነግሮናል። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ እንዲያውም አስምሬበታለሁ። ለሚረሳው ሰው መርፌውን ከማለዳው የሱብሒ ሶላቱ ጋር አያይዘህ ታስለምደዋለህ። የሚፈራውን ቀስ እያልክ በእጁ እያስያዝክ ታለማምደዋለህ። ኩሩውን ታስኮራዋለህ፣ የቸልተኛውን ሚስት ጠርተህ ታማክራታለህ። ሥራው ይኼ ነበር። ሥራውን ደግሞ አውቅበት ነበር፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበረው። ቅጹ የተጻፈው አዲስ አበባ ነው፤ የእኛን ሰው አያውቀውም። እኛ አገር፣ ጨፋ ውስጥ፣ ራሱን የሚያወድስ ሰው የት አለ? «ጠንቃቃ ነዎት?» ብትለው «እኔ ምን አውቄ፣ ጠባቂው አላህ ነው» ይልሃል። «ነገ መርፌውን በሰዓቱ ይወጋሉ?» ብትለው «ኢንሻ አላህ» ነው የሚልህ። ስለ ነገ አፍን ሞልቶ «አዎ» ማለት እኛ ዘንድ ድፍረት ነው፤ ነገ የማን ሆነና? ቅጹ ይህን ሁሉ መጠራጠር ነው ይለዋል። እኔ ግን ያገሬን ሰው አውቃለሁ። በኦሮምኛም ባማርኛም እጠይቅና «ኢንሻ አላህ» ሲሉኝ ዓይናቸውን አይቼ «ሁልጊዜ» የሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ለሁሉም ያደረግሁት እንዲህ ነው። ከአንድ ሰው በቀር።

ያ ሰው ኡመር ይባላሉ። ሰው ግን በበኩር ልጃቸው አባ ፎዚያ ይላቸዋል። ከጨፋ ሮቢት ዝቅ ብሎ ከቦርከና ወንዝ ማዶ የሚኖሩ፣ ማሽላና ከብት ያላቸው ገበሬ ናቸው። ፎዚያ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ታማ ሆስፒታል ስትገባ ስኳር እንዳለባት ታወቀና ክትትሏ ወደ እኛ ተላከ። በዚያ ዕድሜ የሚመጣው ስኳር ዋዛ አይደለም። ያቺ ልጅ ኢንሱሊን በየቀኑ ካልገባላት አትኖርም። ይህን ከአባቷም ከእናቷም በፊት የማውቀው እኔ ነበርኩ።

የመጡት በገበያ ቀን ነው። ክፍሌ ጢም ብሏል፤ አግዳሚው ላይም በሩ ላይም ሰው ነው፤ የሚባለውን ሁሉ ሰው ይሰማል። አባ ፎዚያ ረጅም፣ ሽርጣቸውን ጠበቅ አድርገው የታጠቁ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሰው ናቸው። ልጅቱን አጠገባቸው አስቀመጡ። ቅጹን አወጣሁና ጀመርኩ። «ሲናደዱ ራስዎን ይገዛሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው ትክ ብለው አዩኝ።

«ያ ኢንታላ!» አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። «ስኳር የያዛት እኮ ልጄን ነው። እኔን ምን ያዘኝ ብለሽ ነው ጠባዬን የምትመረምሪው? ቆይ፣ አንቺ የዘሀራ ልጅ አይደለሽም? እናትሽ ደንበኛዬ አይደለች እንዴ፣ ቅቤ የማመጣላት እኔ ነኝ! በድንጋይ የጎረቤት ልጅ የፈነከትሽው አንቺ አይደለሽም? ኧረ ለመሆኑ ያንቺንስ ጠባይ ማን መዘነው?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። የላቦራቶሪ ባለሙያው ሳይቀር አንገቱን በበሩ አስገብቶ ሳቀ። ፎዚያም አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች።

ቀልድ ነበር። እኛ አገር ትልቅ ሰው የሚያውቀውን ሰው ልጅ እንዲህ አድርጎ ይተርባል፤ የሚተርብህም ዘመድ አድርጎህ ነው። እሳቸው ራሳቸው ስቀው «በይ ጠይቂ፣ እኔስ ስጫወት ነው» ብለዋል። ሌላ ቀን ቢሆን አብሬ እስቅ ነበር? እንጃ። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ እስክሪብቶ ይዤ፣ ሰው «ሲስተር፣ ሲስተር» እያለኝ፣ ባንድ አፍታ የዘሀራ ልጅ፣ ፈንካቿ ሆንኩ። በንዴት ከአንቱ ወደ አንተ ወረድኩ። የአባቴን እኩያ «ልጅህን ማሳከም ትፈልጋለህ አትፈልግም?» አልኳቸው። ሳቁ ቆመ። አባ ፎዚያም አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ በኋላ የጠየቅኋቸውን ሁሉ በትሕትና መለሱልኝ።

በትሕትና ነው የምልህ! «የጀመርከውን ትጨርሳለህ?» «አላህ ካለ።» «መርፌውን በየቀኑ ታስወጋታለህ?» «ኢንሻ አላህ ልጄ፣ ኢንሻ አላህ።» «ጠንቃቃ ነኝ ትላለህ?» «እኔ ምንም ነኝ፤ እሱ ይጠብቃት።» ለሰው ሁሉ «ሁልጊዜ» ብዬ የምጽፈውን «ኢንሻ አላህ» ለእሳቸው «እርግጠኛ አይደለም» ላይ አስቀመጥኩት። «እኔ ምንም ነኝ» ያሉትን «በጭራሽ» ላይ አዋልኩት። ደመርኩት። ወደቁ። ደስ አለኝ። ሌላ ስም የለውም፣ ደስ አለኝ። በዚህም ሳይበቃኝ፣ ከታች አስተያየት የሚል ቦታ አለ፣ እዚያ «ቁጡ፣ ዘንጊ፣ ምክር የማይቀበል» ብዬ ጻፍኩበት። ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ቁጡው ማን ነበር? ምክር የማይቀበለውስ ማን ነበር?

«ወረቀቱ ዝግጁ አይደለህም፣ ዘንጊ ነህ ይላል። ልጅቷን በየቀኑ አምጣት» አልኳቸው። ወረቀቱ ይላል! እኔ ነኝ የምለው ለማለት እንኳ ወኔ አልነበረኝም። አባ ፎዚያ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን አገላብጠው አዩትና በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ መጡ። መኪና ሲገኝ አይሱዙ ላይ ተሳፍረው፣ ሳይገኝ በእግራቸው፣ ልጅቱ ስትደክም በአህያ እያስቀመጡ። እርሻው ላይ ማን እንደሚውል አልጠየቅኋቸውም። ፎዚያ ትምህርቷን ተወች። አንድ ጊዜ ከሚሴ የሚኖሩ ዘመዶች ዘንድ አስቀመጧት፤ እነሱም ባንዲት ክፍል ሰባት ነፍስ ስለሆኑ ከሁለት ሳምንት በላይ አልቻሉም፣ መለሷት። አባ ፎዚያ አንድም ቀን አልቀሩም። አንድም ቀን! ዘንጊ ያልኩት ሰውዬ ከጤና ጣቢያው ሠራተኛ ቀድሞ በሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ባየኋቸው ቁጥር ማፈር ሲገባኝ ይብስ እናደድ ነበር።

ፎዚያ ደግሞ ብልህ ነበረች። አንድ ቀን መርፌውን ከእጄ ተቀበለችና ራሷ ወጋችው። ሆዷን ቆንጥጣ ያዘች፣ አየሩን አስወጣች፣ ልኩን ሁለት ጊዜ አየች፣ ወጋች። አንድ ነገር አልሳተችም።

«አየሽ እታለም፣ እችላለሁ» አለችኝ። «ስጪኝና ቤቴ ልወጋ። ሒሳብ ፈተና አለብኝ።»

ቅጹ እሷን የሚጠይቅበት ቦታ የለውም። እኔ ግን አፍ የለኝም? አለቃዬ ዘንድ ገብቼ «ይቺ ልጅ ትችላለች» ብል በዚያው ሰዓት ይፈርሙልኝ ነበር። አላልኩም። «ወረቀቱ አይፈቅድም» አልኳትና ሌላ ሰው ጠራሁ።

ወሩ ሞላ። አባ ፎዚያ እንደገና ሊመዘኑ መጡ። ያን ቀን የነገሩኝን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፣ ሰው ብሆን ኖሮ። ቤታቸው ጥላ ባለበት ጥግ እንስራ ቀብረው እርጥብ አሸዋ ሞልተውበታል። ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም፣ እንዲህ አድርጋችሁ አስቀምጡት ብዬ ለሌሎች ሳስተምር ከበር ሆነው ሰምተው ነው። መድኃኒቱ የለም፤ ማስቀመጫው ግን ተዘጋጅቷል። በየማታው አሸዋውን ውኃ ያርከፈክፉታል። ባዶውን እንስራ! ዘንጊ ሰው ማለት ይኼ ነው?

ቅጹ በእጄ ነበር። አንዲት ነገር ብቻ እጠብቅ ነበር፦ ይቅርታ እንዲጠይቁኝ። ለዚያ ሳቅ፣ በሰው ፊት ላዋረዱኝ። እሳቸው ደግሞ ነገሩን ጭራሽ ረስተውታል፤ እኔን ማስቀየማቸውንም አያውቁም። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው አዩኝ። «ዛሬ ሰው በዝቶብኛል፤ የዛሬ ሳምንት ና» አልኳቸው። ሰው አልበዛብኝም ነበር። አግዳሚው ላይ የቀሩት ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ። በዚያን ሰሞን አምስቱንም ወቅት አሟልቼ እሰግድ ነበር፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉሃል እኔን ነው። ለእልህ ብዬ የአንዲት ልጅን ነፍስ የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ሰጠሁት።

ሳምንቱ ሳይሞላ ዝናቡ ጠና። ሐምሌ ነው። ደጋው ላይ የዘነበው ሁሉ ወርዶ ቦርከና ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፣ ሜዳውንም አለበሰው። በመጀመሪያው ቀን አባ ፎዚያ አልመጡም። መዝገቡን አወጣሁና «እንደተገመተው ቀረ» ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ ላለችው ነርስም «ታዲያ አላልኩም?» አልኳት። ወንዙ መሙላቱን አላወቅሁም ብዬ ልዋሽህ? ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። በሁለተኛው ቀንም «ቀረ» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን እጄ ትንሽ ከበደኝ፤ ግን ጻፍኩ።

በአራተኛው ቀን ውኃው ጎደል ሲል፣ ረፋድ ላይ፣ በቃሬዛ ይዘዋት መጡ። ስምንት ወንዶች በገመድ ተያይዘው ነው ያሻገሯት። ትንፋሿ ቁና ቁና ይላል፣ ከአፏም የሚሸተው የበሰበሰ ፍሬ የመሰለ፣ ኢንሱሊን ያጣ ሰው ሽታ እንደሆነ ገና ከበር አውቄዋለሁ። ከሐኪሙ ጋር ሆነን የምናውቀውን ሁሉ አደረግን፤ ወደ ደሴ የሚወስዳት መኪና እያስጠራን ነበር። የቀትሩ የዙሁር አዛን ሳይል አለፈች። ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ። አባቷ በሁለተኛው ቀን ሊሻገሩ ውኃው ውስጥ ገብተው ጎረቤት ጎትቶ እንዳወጣቸው የሰማሁት በኋላ ነው።

እዚያ እንስራ ውስጥ አንዲት ብልቃጥ ኢንሱሊን ብትኖር ፎዚያ ራሷ ልኳን አይታ ራሷ ትወጋ ነበር። ወንዙ ቢሞላ ባይሞላ ምን ገዷት? ወንዝ አይደለም የገደላት። ስኳርም አይደለም። እኔ ነኝ።

ለቅሶ ደረስኩ። አዎ፣ ደረስኩ፤ ይህን ያህል ደፋር ነበርኩ። ምንጣፉ ላይ አባ ፎዚያ አጠገባቸው አስቀመጡኝና አጽናኑኝ። እኔን! «አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ» አሉኝ። «ወረቀትሽ ገና ድሮ አውቆኛል፤ ዘንጊ ነህ ብሎኛል። ዘንጊ ባልሆን ኖሮ ክረምቱ ሳይገባ ከተማ ቤት ተከራይቼ አስቀምጣት አልነበር? ለካስ ሰው ራሱን አያውቅም።» እኚህ ሰው ያን የእልህ ጽሑፌን አምነውታል። እንደ ሐኪም ቃል ይዘውታል። ያኔ አንድ ቃል ብናገር፣ «ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» ብል፣ ቢያንስ ከራሳቸው ጋር ይታረቁ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው «አላህ ሶብሩን ይስጥዎ» የሚል ነበር። አንቱታውን መለስኩላቸው። ልጃቸውን በልቼ አንቱታ መለስኩላቸው!

እዚህ ላይ ያበቃ መስሎህ ይሆናል። አላበቃም። ከጥቂት ወራት በኋላ የፕሮጀክቱ ሰዎች ከአዲስ አበባ ለጉብኝት መጡ። ክትትል ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ ለሌሎች የሚያስተምር ወላጅ ፈለጉ። አለቃዬ «ማንን እንጥራ?» ብለው ሲጠይቁኝ የአባ ፎዚያን ስም ሰጠሁ። ለምን? እሳቸው በገዛ አፋቸው ጥፋቱ የኔ ነው ካሉ እኔን የሚጠይቀኝ አይኖርማ።

ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ግቢው ውስጥ ወላጆቹ፣ ሠራተኞቹ፣ እንግዶቹ ተሰብስበዋል። አማርኛ ያውቃሉ፤ ሐዘናቸውን ግን በኦሮምኛ ነው የተናገሩት። እንግዶቹ ኦሮምኛ ስለማይሰሙ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። አባ ፎዚያ እንዲህ አሉ፦ «ልጄን አንድም ቀን ረስቻት አላውቅም። ሦስት ቀን ወንዙ ያዘኝ። ግን ወረቀቱ ዘንጊ ነህ ብሎኛል፤ የተማረ ሰው የጻፈው ከኔ ይበልጣል። እኔ የማላውቀው ዝንጋታ አለብኝ ማለት ነው። እናንተ እንደኔ አትሁኑ።»

እኔ ወደ እንግዶቹ ዞሬ «ዘንጊ ነበርኩ ይላሉ። እናንተ እንደኔ አትሁኑ ይላሉ» አልኩ።

ይኸው ነው ያስተረጎምኩት። ረስቻት አላውቅም ያሉትን ዋጥኩት። ወንዙንም ዋጥኩት። እዚያ የተቀመጡት ወላጆች ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማሉ። አንዲት ሴት ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እንግዶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ፣ አጨበጨቡም። አባ ፎዚያ ሲጨርሱ መጥተው እጄን ይዘው «ጀዛኪላህ፣ አላህ ይክፈልሽ፣ ላለቀስሽልኝ» አሉኝ። አላለቀስኩም ነበር። ላብ ነው ያዩት።

አሁን ምን ልበልህ? ዑለሞቹ አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል፣ የሰውን ሐቅ ግን ባለሐቁ አፉ ብሎ ይቅር ካላለ አይምርም ይላሉ። ባለሐቁ በሕይወት አሉ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ግን አሉ። ወንዙ ላይ ድልድይ ተሠርቶለታል፤ በጠዋት ብነሳ ለቁርስ እደርሳለሁ። ዓመት በዓመት ዘንድሮስ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ባጃጅ ተራ ድረስ ሄጄ የተመለስኩበትም ጊዜ አለ። የምፈራው እርግማናቸውን አይመስልህም? አይደለም። ይቅር እንዳይሉኝም አይደለም። ከአሁን በኋላ ሲያዩኝ የዘሀራ ልጅ ብለው እንዳይስቁልኝ ነው የምፈራው። ይህን ያህል ነኝ። ያኔ ስለሳቁ ተናደድኩ፣ ዛሬ ሳቁን እንዳይተዉት እፈራለሁ፤ በመሀል አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ልጄን ገደልኩ እያለ ይኖራል።

ስለዚህ አፉ በለኝ አልልህም። ምን አግብቶህ? የሞተችው ያንተ ልጅ ናት? ራስህን ነቅንቀህ «ምስኪን» ብለህ ገጹን እንድትገልጥም አልፈልግም። ይህን ሁሉ ያወራሁልህም ቀሎኝ እንድተኛ ነው፣ ለሌላ ለማንም ብዬ አይደለም።

ያወራሁልህም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም። ኡመር ስማቸው አይደለም። ፎዚያም ስሟ አይደለም። ክብራቸውን ልጠብቅ ብዬ የቀየርኩት እንዳይመስልህ። አንብቦ ሄዶ እውነቱን የሚነግራቸው ሰው እንዳይገኝ ነው።